መርከብ ስንት ትሸከማለች? የአርኪሜደስ ሕይወትና ሥራ

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት የሳይንስ የቤት ሥራዎች አንዱ ከአሉሚኒየም ፎይል፣ በዕብራይስጥ ኒያር ኬሴፍ ከሚባለው፣ ትንሽ ጀልባ መሥራት ነው። ለሁሉም እኩል መጠን ያለው ፎይል ይሰጣቸውና ብዙ ሳንቲም ተሸክማ ሳትሰምጥ የቆየችው ጀልባ ታሸንፋለች። አብዛኛው ልጅ መጀመሪያ የሚሠራው በሥዕል የሚያያትን፣ አፍንጫዋ የሾለውንና ወገቧ የቀጠነውን ጀልባ ነው። ስታዩዋት ታምራለች፤ ነገር ግን ገና ጥቂት ሳንቲም ሲጫንባት ትገለበጣለች። ከጎኗ ያለችው፣ ትሪ የምትመስለው መልከ ጥፉ ጀልባ ግን ጭነቷን ችላ ትቆማለች።

ይህ ለምን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስረዳው ሰው ከ2,200 ዓመታት በፊት የኖረው አርኪሜደስ ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከገላ መታጠቢያ ዘሎ ወጥቶ ራቁቱን በመንገድ ላይ ሮጠ የሚባለው ወሬ ነው። የሰውየው ሕይወት ግን ከዚያ ወሬ እጅግ ይሰፋል። ሥራው እስከ እኛ የደረሰበት መንገድም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ መንገዱም አሁን በምንኖርበት አገር በኩል ያልፋል።

አርኪሜደስ የተወለደው ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ287 አካባቢ፣ ዛሬ የኢጣሊያ ግዛት በሆነችው በሲሲሊ ደሴት፣ ሲራኩስ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ሲራኩስ የግሪኮች ከተማ ነበረች፤ በአንድ በኩል ሮማ፣ በሌላ በኩል ካርታጎ የሚባሉ ሁለት ኃያላን ዙሪያዋን ይፎካከሩ ነበር። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ኢየሩሳሌም ያን ጊዜ ግብፅን በሚገዙት በበጥሊሞስ ነገሥታት እጅ ነበረች። በሐኑካ የምናስታውሰው የማካቢያን አመፅ የተነሣውም አርኪሜደስ ከሞተ 45 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

አባቱ ፊድያስ የከዋክብትን አካሄድ የሚመረምር ሰው ነበር። ልጁም ሒሳብን ከቤት የጀመረ ይመስላል። በወጣትነቱ የዘመኑ የዕውቀት ማዕከል ወደነበረችው ወደ እስክንድርያ ሄዶ ሳይማር እንዳልቀረ ይታመናል። ወደ ሲራኩስ ከተመለሰ በኋላም ያገኘውን ሁሉ እየጻፈ የሚልከው ወደዚያው ከተማ ምሁራን ነበር። ከእነርሱ አንዱ የምድርን ዙሪያ የለካው ኤራቶስቴንስ ነው። ሌላው ደግሞ ዶሲቴዮስ ይባላል። ይህ ስም በዚያ ዘመን በግብፅ በአብዛኛው የአይሁድ ስም ስለነበረ፣ እስራኤላዊው የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ረቪኤል ኔትዝ ዶሲቴዮስ አይሁዳዊ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አቅርቧል። ግምት ነው፤ ሆኖም ከአርኪሜደስ መጻሕፍት በርከት ያሉት ለዚህ ሰው የተላኩ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው።

አሁን ወደ ዘውዱ ታሪክ እንሂድ። የሲራኩስ ንጉሥ ዳግማዊ ሂሮን ለአንድ አንጥረኛ ንጹሕ ወርቅ ሰጥቶ ዘውድ አሠራ። በኋላ አንጥረኛው ወርቁን ቀንሶ ብር ቀላቅሎበታል የሚል ሐሜት ደረሰው። አርኪሜደስ ዘውዱን ሳያፈርስ እውነቱን እንዲያወጣ ታዘዘ። ገንዳ ውስጥ ሲገባ ውሃው ሞልቶ ሲፈስ አየና መፍትሔው ተገለጠለት ይባላል። ብር ከወርቅ ስለሚቀል፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም ብር የተቀላቀለበት ዘውድ ይገዝፋል፤ ስለዚህም ብዙ ውሃ ያፈስሳል። ይህን የጻፈልን ሮማዊው የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስ ሲሆን፣ የኖረው ከአርኪሜደስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። እኔ በበኩሌ ታሪኩን እንደ ወረደ መቀበል ይቸግረኛል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ዘውድ ውስጥ 300 ግራም ብር ቢቀላቀል፣ ተጨማሪው የሚፈስሰው ውሃ 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አፉ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ ይህ ውሃውን ከፍ የሚያደርገው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጋሊሌዮም በ1586 ይህ ዘዴ ለእንዲህ ያለ ብልህ ሰው የሚመጥን እንዳልሆነ ቆጥሮ፣ ዘውዱ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ በሚዛን ተመዝኖ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ።

ለመሆኑ አርኪሜደስ ራሱ ስለዚህ ምን ጻፈ? በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፉ ነገሮች ሁለት መጽሐፍ ጽፏል። በአንዳቸውም ስለ ዘውድም ሆነ ስለ መታጠቢያ አልተነሣም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው፤ ማንኛውም ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ገፍቶ ቦታ ይይዛል፤ ውሃውም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የግፊቱ ኃይል ከቦታው ከተነሣው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ጀልባ ወደ ታች የምትወርደው፣ የገፋችው ውሃ ከራሷና ከጭነቷ ክብደት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ነው። እዚያ ትቆማለች። እኩል ከመሆኑ በፊት ጠርዟ ውሃው ጋ ከደረሰ ግን ውሃ ይገባታል፤ ትሰምጣለች።

እስቲ ይህን በልጆቹ ጀልባ ላይ በቁጥር እንየው። በአራቱም ጎን 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎይል ወስደን ዳር ዳሩን ወደ ላይ ብናጥፈው ትሪ ይሆናል። ጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ወለሉ 28 በ28 ነው፤ ውስጡም 784 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጠርዙ 3 ሲሆን 1,728 ይደርሳል፤ 5 ሲሆን 2,000፣ ማለትም ድፍን ሁለት ሊትር ይሆናል። ከዚያ በላይ ስናሳድገው ግን ወለሉ እየጠበበ ይሄድና ይቀንሳል፤ በ7 ሳንቲ ሜትር 1,792፣ በ10 ሳንቲ ሜትር 1,000 ብቻ ነው። እንግዲህ ለዚህ ፎይል ጥሩው ጠርዝ የጎኑ አንድ ስድስተኛ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የፎይሉ የራሱ ክብደት ደግሞ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ይህቺ ጀልባ በሒሳብ ሁለት ኪሎ ልትሸከም ትችላለች። የአንድ ሸቀል ሳንቲም 4 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ወደ 500 ሳንቲም ማለት ነው። ያው ፎይል ተጨፍልቆና በመዶሻ ተቀጥቅጦ ድቡልቡል ቢሆን ግን ራሱን እንኳ መሸከም አቅቶት ይሰምጣል፤ አሉሚኒየም ከውሃ 2.7 እጥፍ ይከብዳልና።

እርግጥ 500 ሳንቲም ላይ የሚደርስ ልጅ አይኖርም። ፎይሉ ስስ ስለሆነ ጎኑ ይታጠፋል፤ ማዕዘኑ በደንብ ካልተጣጠፈ ውሃ ያስገባል። ማዕዘኑን ከመቅደድ ይልቅ እንደ ፖስታ አጣጥፎ ወደ ጎን ማስተኛት ይሻላል። የጠርዙን አፍ አንድ ጊዜ መቀልበስም ያጠነክረዋል። ጠርዙ ሁሉ እኩል ከፍታ እንዲኖረው ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃ የሚገባው ዝቅ ባለው በኩል ነው፤ የቀረው ጠርዝ የቱንም ያህል ከፍ ቢል አያድናትም። ልጁ በዕብራይስጥ ያመጣውን የቤት ሥራ ለመርዳት ቋንቋው የሚያስቸግረው ወላጅ ይህን በእጁ ማሳየት ይችላል። አንድ ገንዳ ውሃና ማስመሪያ ይበቃል።

ውሃው ራሱም ልዩነት አለው። የጨው ባሕር፣ ያም ሃሜላሕ፣ ውሃ አንድ ሊትሩ 1.24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በጣፋጭ ውሃ ሁለት ኪሎ የምትሸከም ጀልባ እዚያ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ትሸከማለች። ሰው እዚያ ባሕር ላይ ጋደም ብሎ ጋዜጣ የሚያነበውም በዚሁ ሕግ ነው።

በጣና ዙሪያ ያደጉ አንባቢያን ደግሞ ስለ ታንኳ ሊያነሡብን ይችላሉ። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ስለሆነ ውሃ የማያስገባ ሆድ የለውም፤ ታዲያ እንዴት እንጨትና እህል ይሸከማል? ሕጉ ያው ነው። ደንገሉ በውስጡ አየር ስላለው ከውሃ እጅግ ይቀላል፤ እስሩ የያዘው ቦታ ሁሉ ውሃ ይገፋል። እየዋለ ሲያድር ግን ውሃ ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ባለታንኳዎች ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። እነዚያ አባቶች የአርኪሜደስን መጽሐፍ አላነበቡም፤ ሕጉን ግን ሲሠሩበት ኖረዋል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ቀጭኗ ጀልባ ገና ሳትሞላ ለምን ተገለበጠች? አርኪሜደስ ሁለተኛውን መጽሐፍ የሰጠው ለዚህ ጉዳይ ነው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው። ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል፣ ከመርከብ ሆድ ጋር የሚቀራረብ ቅርጽ ወሰደና፣ ይህ ነገር እየተንሳፈፈ ቢያዘነብል ተመልሶ ይቆማል ወይስ ይወድቃል ብሎ ጠየቀ። የጀልባዋ ክብደት በመካከለኛ ነጥቧ በኩል ወደ ታች ይጎትታል። ውሃው ደግሞ ውሃ ውስጥ በገባው ክፍል መካከለኛ ነጥብ በኩል ወደ ላይ ይገፋል። ጀልባዋ ወደ ግራ ስታዘነብል በግራ በኩል ብዙ ክፍሏ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ የውሃው ግፊት ወደ ግራ ይሸሻል። ወለሏ ሰፊ ከሆነ ግፊቱ በደንብ ይሸሽና ከታች ደግፎ ያቃናታል። ጠባብ ከሆነች ወይም ጭነቱ ወደ ላይ ከተከመረ ግን ክብደቱ ግፊቱን ቀድሞት ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚያቃናት የለም። ሳንቲሞቹን በአንድ ቦታ ከመከመር ይልቅ በወለሉ ሁሉ፣ ከመሀል ወደ ዳር እኩል መደርደር የሚያዋጣው ስለዚህ ነው። ብዙ የልጆች ጀልባዎች የሚጠፉት ሞልተው ሳይሆን አዘንብለው ነው።

አርኪሜደስ ይህን ያጠናው በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ ሂሮን በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌላትን መርከብ ለማሠራት ተነሣ። ሠሪው የቆሮንቶሱ አርክያስ፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ አርኪሜደስ ነበር። ይህን በዝርዝር ያቆየልን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የጻፈው አቴናዮስ ነው፤ እርሱም ከቀደመ ጸሐፊ የወሰደው ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። እንደ እርሱ አባባል፣ እንጨቱ ከኤትና ተራራ የመጣ ሲሆን ለ60 የጦር መርከቦች የሚበቃ ነበር። የታችኛው ግማሽ በስድስት ወር ተሠርቶ አለቀ። ያን ግዙፍ ነገር ወደ ባሕር ማስገባት ሲቸግር፣ አርኪሜደስ ራሱ በሠራው መጎተቻ በጥቂት ሰዎች እጅ አወረደው። የቀረው ግማሽ ባሕሩ ላይ እንዳለች በሌላ ስድስት ወር ተጠናቀቀ።

በውስጧ መታጠቢያ፣ የአትክልት ሥፍራ፣ የመጻሕፍት ክፍልና የፈረሶች በረት ነበራት። ጭነቷ 60,000 መስፈሪያ እህል፣ 10,000 ጋን ጨው የገባበት ዓሣ፣ 20,000 ታለንት ሱፍና ሌላ 20,000 ታለንት ዕቃ ነበር ይባላል። አንድ ታለንት 26 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሱፉ ብቻ ከ500 ቶን ይበልጣል። ከመርከቧ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ አንድ ሰው ብቻውን ያወጣው ነበር፤ መሣሪያው እስከ ዛሬ በአርኪሜደስ ስም የሚጠራው ጠመዝማዛ የውሃ ማውጫ ነው።

ጀልባ ስትተልቅ ሒሳቡ ለሠሪው ይመቻል። ርዝመቷ፣ ወርዷና ከፍታዋ ሁሉ እጥፍ ቢሆን ፎይሉ አራት እጥፍ ብቻ ይፈለጋል፤ ጭነቷ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከላይ ያየናት ጀልባ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፎይል ብትሠራ 16 ሊትር ትይዛለች። ሂሮንን የሳበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም አንድ ነገር አልታሰበም ነበር። መርከቧ ካለቀች በኋላ ከሲሲሊ ወደቦች አንዳንዶቹ ጨርሶ ሊቀበሏት እንደማይችሉ፣ ሌሎቹም አደገኛ እንደሆኑባት ታወቀ። በግብፅ የእህል እጥረት ስለነበረ ሂሮን ሙሉ ጭነቷን ይዛ ለንጉሥ በጥሊሞስ ስጦታ እንድትሆን ላካት። እስክንድርያ ስትደርስ ወደ የብስ ተጎትታ ወጣች፤ ታሪኳም በዚያው ያበቃል።

ሂሮን ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ215 ሞተ። የተካው የልጅ ልጁ ከሮማ ከድቶ ወደ ካርታጎ ዞረ። ሮማውያንም በጄኔራል ማርሴሉስ መሪነት ከተማዋን በባሕርና በየብስ ከበቡ። ሽማግሌው አርኪሜደስ የመከላከያ መሣሪያዎችን እየሠራ ሁለት ዓመት ያህል አስቆማቸው። ከግንቡ ላይ የሚወርድ የብረት እጅ የመርከብ አፍንጫ ይዞ ወደ ላይ ያነሣና ይለቅቃል፤ መርከቧም በጎኗ ትወድቃለች። መርከብ ምን እንደሚያቆማት የጻፈው ሰው ምን እንደሚጥላትም ያውቅ ነበር። በመስተዋት ፀሐይን አንጸባርቆ መርከቦችን አቃጠለ የሚባለው ግን ለዘመኑ ቅርብ በሆኑት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የለም፤ ኋላ የተጨመረ ይመስላል።

በ212 ከተማዋ ተያዘች። ማርሴሉስ አርኪሜደስ እንዳይነካ ፈልጎ እንደነበር ይነገራል። ይሁን እንጂ ዘረፋው ውስጥ አንድ ወታደር 75 ዓመት ገደማ የሆነውን ሰው ገደለው። አሟሟቱን እያንዳንዱ ጸሐፊ በየበኩሉ ይተርከዋል፤ አብዛኞቹ በሥራው ተመስጦ ሳለ እንደተገደለ ይስማማሉ። በመቃብሩ ላይ በሲሊንደር ውስጥ ያለ ኳስ ተቀረጸ፤ ከግኝቶቹ ሁሉ የሚወደው የእነዚህን ሁለት ቅርጾች ዝምድና ነበርና። በ75 ሮማዊው ሲሴሮ ለሥራ ወደ ሲሲሊ ሲመጣ የሲራኩስ ሰዎች መቃብሩ የት እንዳለ አያውቁም ነበር። ሲሴሮ እሾህና ቁጥቋጦ ውጦት አገኘው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሁለት ዓመት ያዳነ ሰው በገዛ ከተማው እንዲህ ተረስቶ ነበር።

መጻሕፍቱም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ተረፉ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ አንድ ጸሐፊ ከሥራዎቹ ሰባቱን በብራና ላይ ገለበጠ። በ1229 ሌላ ሰው፣ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በኢየሩሳሌም፣ ያን ብራና ፍቆ፣ ቅጠሎቹን አዙሮና አጥፎ የክርስቲያን ጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። ኦሪት በብራና ሲጻፍ ያዩ ሰዎች ቆዳ ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚያደክም ስለሚያውቁ በዚህ ሰው አይፈርዱበትም። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ከቤተ ልሔም በስተ ምሥራቅ በይሁዳ በረሃ ባለው በማር ሳባ ገዳም ተቀመጠ። ኋላ ተመልሶ ቁስጥንጥንያ ገባ። በ1906 የዴንማርኩ ምሁር ሃይበርግ ከጸሎቱ ሥር የደበዘዘውን ጽሑፍ አይቶ የአርኪሜደስ መሆኑን ለየ።

ከዚያ መጽሐፉ ለአሥርት ዓመታት ተሰወረ። ብቅ ሲል ሻጋታ በልቶት ነበር፤ በአራት ቅጠሎቹም ላይ ዋጋውን ለማስወደድ የሐሰት ጥንታዊ ሥዕሎች ተሥለውበት ተገኙ። በ1998 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስሙ ያልተገለጸው ገዢ በባልቲሞር ለሚገኘው ለዎልተርስ ሙዚየም በአደራ ሰጠው። በዚያም ባለሙያዎች ለዓመታት በልዩ ልዩ ብርሃን እያነሡ አነበቡት፤ ሥዕሎቹ የሸፈኑትንም በቀለሙ ውስጥ ያለውን ብረት በሚያሳይ የኤክስሬይ ጨረር አወጡት። ተመራማሪዎቹን ከመሩት አንዱ ከላይ የጠቀስነው ረቪኤል ኔትዝ ነው።

ስለ ተንሳፋፊ ነገሮች የተጻፈው መጽሐፍ ከዚያ በፊት በደንብ ይታወቅ የነበረው በ1269 በተሠራ የላቲን ትርጉም ነው፤ ትርጉሙ የተወሰደበት የግሪክ ቅጂም ጠፍቷል። አርኪሜደስ በጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ዛሬ የሚገኘው በዚህ በተፋቀው ብራና ላይ ብቻ ነው። የቅጠሎቹ ፎቶግራፎች በሙሉ በ2008 በኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቀቁ።